የቍስለኞች ወዳጅ ሄንሪ ዱናንት

ስለ አገሩ የተዋጋውን ወታደር በኒሻን ማክበር፥ የወደቀውንም በመታሰቢያ ማሰብ የተገባ ነው። ነገር ግን ክብሩ በዚህ ብቻ ቢፈጸም፥ በሕይወት የተረፈው ሰው ቍስሉ ሳይታሰር፥ ቤቱ ሳይጎበኝ ይቀራል። ይህን በሥራውም በመከራውም ካስተማሩን ሰዎች አንዱ የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሄንሪ ዱናንት ነው። የሕይወቱን ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንናገራለን።

ዱናንት በ1828 ዓ.ም. በጄኔቫ ከተማ እግዚአብሔርን ከሚፈሩና ለድኾች ከሚራሩ ወላጆች ተወለደ፤ በወጣትነቱም እስረኞችን ይጎበኝ ነበር። ከዚያም ነጋዴ ሆነ። በአልጀርያ ለጀመረው የወፍጮ ሥራ የውሃ ፈቃድ ለመለመን፥ በ1859 ዓ.ም. በጦርነት ላይ ወደነበረው ወደ ፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ወደ ሣልሳዊ ናፖሌዎን ወደ ኢጣልያ ተጓዘ።

በጁን 24 ቀን በሶልፌሪኖ በተደረገው ውጊያ፥ ከሁለቱም ወገን 40,000 ያህል ሰው ሞተ፥ ቈሰለ። ዱናንት ወደ ካስቲልዮኔ ከተማ በደረሰ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናቱ በቍስለኛ ተሞልተው፥ ሐኪም አንሶ፥ ውሃ የሚያቀምስ ጠፍቶ አገኘ። በኢያሪኮ መንገድ እንዳለፈው ሳምራዊ፥ እርሱም የመጣበትን ጉዳይ ትቶ ከከተማይቱ ሴቶች ጋር ቍስል አጠበ፤ የተጠማውን አጠጣ፤ የሚሞቱት ለዘመዶቻቸው የሚልኩትን ቃል ተቀበለ። የማን ወታደር እንደሆነ ግን አልጠየቀም።

ያየውን በ1862 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመ። በሚከተለው ዓመት ከአራት የአገሩ ሰዎች ጋር፥ በኋላ ቀይ መስቀል የተባለውን ማኅበር መሠረተ። በ1864 ዓ.ም. ደግሞ 12 መንግሥታት ቍስለኛውና አስታማሚው እንዳይነኩ በጄኔቫ ውል ተፈራረሙ።

ይሁን እንጂ በ1867 ዓ.ም. ንግዱ ከሠረ፤ በዕዳና በነቀፋ ከከተማው ወጣ፤ ከመሠረተውም ማኅበር ተለየ። ከነገሥታት የተቀበላቸው ኒሻኖች ከረኃብ አላዳኑትም። ብዙ ዘመን ከተንከራተተ በኋላ በሃይደን መንደር በሚገኝ ሆስፒታል ተጠጋ። በ1895 ዓ.ም. አንድ ጋዜጠኛ እዚያ አግኝቶት ስለ እርሱ በጻፈ ጊዜ፥ ዓለም የረሳውን ሰው አስታወሰ፤ ከረዱትም አንዲቱ የሩስያ ንጉሠ ነገሥት የእስክንድር ሣልሳዊ ባለቤት የነበረችው ማርያ ፌዮዶሮቭና ነበረች። በ1901 ዓ.ም. ከፍሬዴሪክ ፓሲ ጋር የመጀመሪያውን የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ። እርሱ ግን ከዚያች ክፍል አልወጣም። በ1910 ዓ.ም. ሲሞት ለመንደሩ ድኾች በሆስፒታሉ ያለ ክፍያ የሚታከሙበት አልጋ እንዲኖር ተናዘዘ።

ይህ ሥራ ወደ አገራችንም ደርሷል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ተቋቋመ። በ1928 ዓ.ም. ግን የፋሽስት አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ መቱ፤ በድንኳን የተኙ ቍስለኞችም አለቁ። ውሉን የፈረሙት እንኳ እንዲህ ካፈረሱት፥ ምሕረት በወረቀት ብቻ እንደማትጠበቅ እናስተውል።

እንግዲህ እኛም በመታሰቢያው ቀን የአበባ ጕንጕን ስናኖር፥ በየአጥቢያችን እጅና እግሩን በጦርነት ያጣውን፥ ጧሪ የሌለውን አሮጌ ወታደር፥ የሞተውንም ወታደር መበለት እናስብ። ካህኑ በጸሎቱ፥ ምእመኑም ከምጽዋቱ ይድረስለት። ጋዜጠኛ እስኪጽፍለት ድረስ ሳንጠብቅ ደጁን እናንኳኳ።