የጎታው የክረምት መምህር

እዚህ አምቦ አብራን የምትሠራ ወጣት ሐኪም የዘንድሮን የክረምት ዕረፍቷን ውጭ አገር ሄዳ የመጽሐፍ ቅዱስ አርኪዮሎጂ ልትማርበት ነው። የጊንጪና የጉደር ጓደኞቿ፣ ሐኪም ቁፋሮ ምን ያደርግላታል እያሉ ይቀልዱባታል። እኔን ግን ትዝ ያሉኝ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው።

አባ የቤተ አማራ ሰው ናቸው፤ የተወለዱት መካነ ሥላሴ ነው። የኢየሱሳውያኑ ፓትርያርክ የአፎንሶ ሜንዴዝ ወዳጅ ስለነበሩ፣ አፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ሲያባርሩ እሳቸውም አገር ለቀቁ። መጨረሻ ላይ ሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ካለው የሐበሾች ገዳም ገቡ።

በ1649 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ እዚያ አገኛቸው። ያኔ የአውሮፓ ሊቃውንት መጽሐፍ ቅዱስን በጥንት ቋንቋዎች ለማንበብ ይጓጉ ነበር። ሉዶልፍም ግዕዝን ተምሯል፤ ግን ከመጽሐፍ ነው፣ ከሰው አፍ አይደለም። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባን ወደ ጀርመን ጠራቸውና ከጁን እስከ ሴፕቴምበር፣ ማለትም እኛ ክረምት በምንለው ጊዜ፣ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ተቀመጡ።

እንግዲህ ውጭ አገር የሄደው ሐበሻ፣ ተማሪው ግን ባለአገሩ! ሉዶልፍ ስለ ቋንቋው፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ዓባይ አካሄድ ይጠይቃል፤ አባ ይመልሳሉ። እኛም የበሽተኛ ታሪክ የምንወስደው እንዲሁ አይደል? እውቀቱ ያለው ተጠያቂው ዘንድ ነው፣ ብዕሩ በጠያቂው እጅ። ካርዱ ላይ የሚፈርመውም ጠያቂው ነው። ለውጭ ተመራማሪ መረጃ የምትሰበስቡ መምህራን ይህችን ነገር በደንብ ታውቋታላችሁ።

ለነገሩ ሉዶልፍ ሐቀኛ ሰው ነበር። እውቀቱን ከማን እንዳገኘ አልደበቀም፤ በ1691 ባሳተመው መጽሐፍም የአባን ምስል አውጥቷል። ቢሆንም ዓለም የኢትዮጵያ ጥናት አባት ብሎ የሚጠራው እሱን ነው። የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698፣ ሁሉም በሉዶልፍ ስም ወጡ። አማርኛውን ያለ አባ ከየት ያመጣው ነበር?

አባ አንዱንም ታትሞ አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ተሳፍረው ሳሉ መርከባቸው ኢስከንደሩን አጠገብ ሰጠመች። የግዕዙ መዝገበ ቃላት ሲወጣ ከሞቱ 3 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ የአማርኛው ሲወጣ ደግሞ 40።