ፋራዳይ ከአለቃው ሥር

ኢንዳክሽን ሲነሳ ሁላችንም ፋራዳይን እንጠራለን። እኔን ግን ከግኝቱ ይልቅ የሳበኝ በሰር ሀምፍሪ ዴቪ ሥር ሆኖ ሥራ የለመደበት ጊዜ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማይክል ፋራዳይ በ1791 ከብረት ቀጥቃጭ ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርቱ ከማንበብና ከመጻፍ ብዙም አላለፈም። በ14 ዓመቱ ለንደን ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገባ፤ የሚጠርዘውንም ያነብ ነበር። በ1812 አንድ የሱቁ ደንበኛ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚሰጠውን ትምህርት መከታተያ ትኬት ሰጠው። የሰማውን ከነሥዕሉ ጻፈ፤ በገዛ እጁ ጠረዘና ለዴቪ ላከለት። ልብ በሉ፣ ሥራ ስጠኝ ብቻ አላለም፤ ምን እንደሚችል አሳየ። በማርች 1813 የቀድሞው ረዳት በጠብ ሲባረር ቦታውን አገኘ። ዕድልም አለበት መቼስ።

በዚያው ዓመት ዴቪ ወደ አውሮፓ ሲጓዝ አስከተለው። የዴቪ አሽከር አልሄድም ስላለ የእሱም ሥራ ፋራዳይ ላይ ወደቀ፤ የዴቪ ሚስት ደግሞ እንደ ሎሌ ቆጠረችው። ጥሎ ሊመለስ ሁሉ አስቦ ነበር። ግን ቆየ። ፓሪስ ላይ ዴቪ አዮዲንን ሲመረምር አጠገቡ ነበር፤ ፍሎረንስ ላይ በትልቅ ሌንስ አልማዝ ሲቃጠል አየ፤ ሚላን ላይ ከቮልታ ጋር ተገናኘ። አፓረንትሺፕ ወጥተን ፋይል አመላለሱን እያልን ለምናማርር ሰዎች ይቺ ጉዞ ብዙ ትናገራለች፤ የወይዘሮዋ ንቀት ልክ ነበር ማለቴ ግን አይደለም።

በ1815 ተመልሰው ዴቪ የማዕድን ቆፋሪዎችን መብራት ሲሠራ ፋራዳይ ረዳው፤ ዴቪም በጽሑፉ አመስግኖታል።

ነገሩ የተበላሸው ለማጁ ሲያድግ ነው። በ1821 ፋራዳይ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረገ። ውጤቱን ሲያሳትም በዚሁ ጉዳይ ላይ ቀድመው የሞከሩትን ዎላስተንንና ዴቪን አልጠቀሰም። ሐሳብ ሰረቀ ተባለ። በእኔ አስተያየት ስርቆት አልነበረም፤ ሙከራው የራሱ ነው። ስማቸውን መተዉ ግን ዋጋ አስከፈለው። በ1823 ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት ሲታጭ የተቃወመው ፕሬዚዳንቱ ዴቪ ራሱ ነበር። ያም ሆኖ ተመረጠ።

ዴቪ በ1829 ሞተ። ኢንዳክሽን የተገኘው ከዚያ 2 ዓመት ቆይቶ ነው፤ ያውም ፋራዳይ የዴቪን ንግግር ሊሰማ በትኬት በገባበት ሕንፃ ውስጥ።