የበረዶውን ምድር ሰዎች ያመነው ሐኪም

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይላሉ አበው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ታላቋ ብሪታኒያ በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ የጠፉባትን 129 ሰዎች ለማግኘት መርከብ በመርከብ ላይ ስትልክ፣ ይህን የአበው ብሂል በሥራ ከተረጎሙት ጥቂት ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆን ሬይ ነበር። የጠፉት ሰዎች መጨረሻ ምን እንደሆነ ወሬውን ለዓለም ያደረሰው እርሱ ነው። ያተረፈው ግን ከምስጋናው ይልቅ ነቀፌታ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ሬይ በ1813 ከስኮትላንድ በስተሰሜን በሚገኙት የኦርክኒ ደሴቶች ተወለደ። ጀልባ እየቀዘፈና እያደነ አደገ። በኤደንብራ ከተማ ሕክምና ተምሮ በ1833 ከጨረሰ በኋላ፣ በዛሬዋ ካናዳ የጸጉራም እንስሳትን ቆዳ ይነግድ በነበረው በሃድሰን ቤይ ኩባንያ መርከብ ላይ ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያም ሙስ ፋክተሪ በተባለው የኩባንያው የንግድ ጣቢያ 10 ዓመት ያህል አገለገለ።

በእነዚያ ዓመታት የተማረው ትምህርት ከዩኒቨርሲቲው የሚተናነስ አልነበረም። መምህራኑ የምድሪቱ ነባር ሕዝቦች ነበሩ። ከታጠፈ እንጨትና ከጠፍር ተሠርቶ እግር በበረዶ ውስጥ እንዳይሰጥም በሚያደርገው ጫማ መሄድን፣ ከበረዶ ጡብ ቤት ሠርቶ ማደርን፣ እንደ አገሬው ሰው ለብሶ ብርዱን መቋቋምን ከእነርሱ ተማረ። በ1846 እና በ1847 ሪፐልስ ቤይ በተባለው ሰላጤ ጥቂት ሰዎችን ይዞ ብርዱ የከፋበትን ወቅት ሲያሳልፍ፣ የተመገቡት በአብዛኛው አድነውና ዓሣ አጥምደው ያገኙትን ነበር። በዚያ ዘመን አውሮፓውያን አሳሾች ስንቃቸውን በመርከብ ጭነው፣ የአገሬውን ኑሮ ንቀው ይጓዙ ስለነበር ይህ እንግዳ ነገር ነበር።

ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ1845፣ ሰር ጆን ፍራንክሊን ኤረበስና ቴረር የተባሉ ሁለት መርከቦችን እየመራ ከእንግሊዝ ተነሥቶ ነበር። ዓላማው በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ በኩል ከአትላንቲክ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ የሚያሻግር የባሕር መንገድ ማግኘት ነበር። መርከቦቹ ለ3 ዓመት የሚበቃ ስንቅ ጭነዋል። ዓመታት አለፉ፤ ወሬያቸው ግን ጠፋ። የፍራንክሊን ባለቤት ሌዲ ጄን ባሏ እንዲፈለግ ያለ ዕረፍት ወተወተች። መንግሥትም የሰዎቹን ዕጣ ፈንታ አረጋግጦ ለሚያመጣ 10,000 ፓውንድ እንደሚሸልም አስታወቀ። ሬይ ራሱ ከ1848 ጀምሮ በፍለጋው ተሰማርቶ ነበር፤ ነገር ግን ተጨባጭ ነገር አላገኘም።

በ1853 ሬይ እንደገና ወደ ሰሜን ሲወጣ ዋና ሥራው ካርታ ያልተሠራለትን የባሕር ዳርቻ መለካት ነበር። ሚያዝያ 21 ቀን 1854 በፔሊ ሰላጤ አካባቢ አንድ የኢኑይት ተወላጅ አገኘ። ሰውየው በራሱ ላይ የወርቅ ጥልፍ ያለው የባሕር ኃይል ባርኔጣ ጥብጣብ አስሮ ነበር። ከየት እንዳመጣው በአስተርጓሚው በዊሊያም ኡሊግባክ በኩል ሲጠየቅ፣ ወደ ምዕራብ ርቆ ከአንድ ትልቅ ወንዝ አጠገብ ቢያንስ 35 የሚሆኑ ነጮች በረሃብ መሞታቸውን መስማቱን ተናገረ። ሬይ ጥብጣቡን ገዛና ጉዞውን ቀጠለ። በዚያው ጉዞ ኪንግ ዊሊያም ተብሎ የሚጠራው ምድር ከየብስ የተያያዘ ሳይሆን ደሴት መሆኑን፣ በመካከሉም መተላለፊያ ባሕር መኖሩን አረጋገጠ።

በግንቦት ወር መጨረሻ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ኢኑይቶች ተጨማሪ ዕቃ ይዘው መጡ። የብር ማንኪያና ሹካ፣ የፍራንክሊን ስም የተቀረጸበት ትንሽ የብር ሰሌዳና የክብር ኒሻኑ ከዕቃዎቹ መካከል ነበሩ። ከዕቃዎቹ ጋር የመጣው ወሬ ደግሞ የከበደ ነበር። ከሟቾቹ አንዳንዶቹ ከመሞታቸው በፊት የጓደኞቻቸውን ሥጋ እስከ መብላት ደርሰው ነበር።

የፍለጋው ዘመን ወደ ማብቂያው በተቃረበበት በዚያ ሰፈር የሬይ ፊት ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ሌላ ዓመት በዚያው ቆይቶ፣ ሰዎቹ ወደ ወደቁበት ስፍራ ሄዶ በዓይኑ ማየት ነው። ሁለተኛው የሰማውንና የገዛውን ይዞ ፈጥኖ መመለስ ነው። የመጀመሪያውን ቢመርጥ ማንም አይጠራጠረውም። ነገር ግን የእንግሊዝ መርከቦች በዚያው ጊዜ ሰዎቹ ከሞቱበት ርቀው በበረዶ መካከል ሲፈልጉ፣ ለሞቱት ሲባል በሕይወት ያሉት ለአደጋ ተጋልጠው ነበር። ሬይ መመለስን መረጠ። ውሳኔው የኢኑይቶችን ቃል አምኖ ስሙን በእርሱ ላይ መጣል ማለት ነበር።

ለባሕር ኃይል መሥሪያ ቤቱ ያቀረበው ሪፖርት ጥቅምት 23 ቀን 1854 ታይምስ ጋዜጣ ላይ ወጣ። አገሩ በድንጋጤ ተመታ። ሌዲ ፍራንክሊን ተቆጣች። ስመ ጥሩው ደራሲ ቻርለስ ዲከንስ በሚያዘጋጀው መጽሔት፣ የእንግሊዝ መርከበኞች እንዲህ ያለ ነገር አያደርጉም፤ ይልቅስ የገደሏቸው ኢኑይቶች ሊሆኑ ይችላሉ ሲል ጻፈ። ስፍራውን ሳያይ ለሽልማቱ ቸኩሎ ተመለሰ የሚል ሐሜትም ተነሣ። ሬይ በዚያው መጽሔት መልስ ሰጠ፤ የኢኑይቶችን እውነተኛነትም ተሟገተ። ቃሉን ለመለወጥ ፈቃደኛ አልሆነም። በ1856 ሽልማቱ ሲሰጥ ለእርሱ 8,000፣ ለሰዎቹ 2,000 ፓውንድ ደረሰ። በ1859 የሰዎቹን አጽምና የጽሑፍ መልእክት አግኝቶ የተመለሰው ሊዎፖልድ ማክሊንቶክ የሰርነት ማዕረግ ሲያገኝ፣ ሬይ ግን ያን ማዕረግ ሳያገኝ ሐምሌ 22 ቀን 1893 በለንደን አረፈ። አስከሬኑ ወደ ኦርክኒ ተወስዶ በኪርክዎል በሚገኘው የቅዱስ ማግነስ ካቴድራል ግቢ ተቀበረ።

ጊዜ ግን ዳኛ ነው። ሬይ ያረጋገጠው መተላለፊያ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን የሰሜን ምዕራቡን የባሕር መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በመርከብ ሲያቋርጥ ያለፈው በዚያ በኩል ነው። በ1990ዎቹ በደሴቲቱ የተገኙ አጥንቶች ሲመረመሩ የስለት ምልክት ታየባቸው። ኤረበስ በ2014፣ ቴረር በ2016 ከባሕር ሥር ሲገኙ፣ ከኢኑይቶች የተገኘው ወሬ ፈላጊዎቹን ወደ ስፍራው መርቷል። በዚያው በ2014 የፍራንክሊን መታሰቢያ በሚገኝበት በለንደኑ ዌስትሚኒስተር አቢ ለሬይም መታሰቢያ ቆመለት።

በማሳ ላይ ውኃ የሚተኛው በየትኛው ጥግ እንደሆነ ከማንም በፊት የሚያውቀው ባለማሳው ነው። መሣሪያና ወረቀት ይዞ የሚመጣው ባለሙያ ዕውቀቱ የሚሠምረው ይህን ሰው ሲጠይቅና መልሱን ሲያከብር ነው። ጆን ሬይ ጠየቀ፤ የተነገረውንም አመነ። ኢኑይቶቹ እውነቱን ያውቁ ነበር፤ የጎደለው ሰሚ ነበር።