ዶክተር ሔለን ታውሲግ

ሔለን ታውሲግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 በአሜሪካ፣ ካምብሪጅ በተባለች ከተማ ተወለዱ። (በዚህ ምንባብ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው በሳንባ ነቀርሳ ሞቱባቸው። ማንበብም እጅግ ያስቸግራቸው ስለ ነበር ትምህርታቸውን የገፉት በብርቱ ትግል ነው። የሐርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት በዚያን ዘመን ሴቶችን ለዲግሪ ስለማይቀበል፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1927 በሐኪምነት ተመረቁ። በ1930 የሕፃናት ልብ ክሊኒክ ኃላፊ ሆኑ። ጆሮአቸው እየደከመ በመሄዱም የሕፃናቱን የልብ ምት በጣቶቻቸው እየዳሰሱ መለየትን ተለማመዱ።

ወደ ክሊኒካቸው ከንፈራቸውና ጥፍራቸው ሰማያዊ የሆነ ሕፃናት ይመጡ ነበር። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከተወለዱ በኋላ ጥቂት ጊዜ ደኅና ቆይተው ድንገት ይብስባቸዋል። ይህ ስለምን ሆነ? ጽንስ በማኅፀን ሳለ በሳንባው አይተነፍስም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእናቱ ደም፣ በእንግዴ ልጅና በእትብት በኩል ነው። ስለዚህ ወደ ሳንባው ሊሄድ የነበረው ደም አብዛኛው ዳክተስ አርቴሪዮሰስ በምትባል አጭር ቧንቧ አቋርጦ ወደ ሌላው አካል ያልፋል። ልጁ ተወልዶ መተንፈስ ሲጀምር ቧንቧዋ ትዘጋለች። ለጤነኛ ልጅ መዘጋቷ መልካም ነው። ወደ ሳንባ የሚወስደው የደም መንገድ ለጠበበበት ሕፃን ግን ደም ወደ ሳንባው የምታደርሰው እርሷ ናት። ሔለን ይህን ከተረዱ በኋላ፣ የተዘጋችውን የምትተካ መተላለፊያ በቀዶ ሕክምና እንድትሠራ ሐሳብ አቀረቡ። አንድ የቦስተን ሐኪም አልተቀበሏቸውም። ኋላ ግን ቀዶ ሐኪሙ አልፍሬድ ብላሎክ፣ ዘዴውን አስቀድመው በውሾች ላይ ከሞከሩት ከጥቁር አሜሪካዊው ቪቪየን ቶማስ ጋር ሆነው በኖቬምበር 1944 ሥራውን ፈጸሙ። የቶማስ ስም ለብዙ ዓመታት ሳይነሣ መቅረቱ ያሳዝናል።

በ1962 መጀመሪያ ደግሞ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ከጀርመን አስደንጋጭ ወሬ አመጣላቸው። እጅና እግራቸው ያጠረ፣ አንዳንዶቹም ልባቸው ጉድለት ያለበት ብዙ ሕፃናት ተወልደዋል። ሔለን ወዲያው ወደ ጀርመን ሄደው ጉዳዩን መረመሩ። እናቶቹ በእርግዝናቸው መጀመሪያ፣ የጽንሱ አካል በሚቀረጽባቸው ሳምንታት፣ ታሊዶማይድ የተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት ወስደው ነበር። በአሜሪካ መድኃኒቱ እንዳይሸጥ ፍራንሲስ ኬልሲ የተባሉ የመንግሥት ሐኪም ፈቃድ ከልክለው ነበር። ሔለን ያዩትን በምክር ቤት ፊት መሰከሩ፤ በዚያው ዓመትም የመድኃኒት ሕግ ጠበቀ።

የዚያች አጭር ቧንቧ ነገር በዚህ አላበቃም። በማኅፀን ሳለች ክፍት የሚያደርጋት ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር መሆኑ ኋላ ታወቀ። ይህን ንጥረ ነገር የሚቀንሱ የሕመም ማስታገሻዎች፣ በተለይ በእርግዝና የመጨረሻ ሦስት ወራት ሲወሰዱ፣ ቧንቧዋን ያለ ጊዜዋ ሊያጠብቧት ወይም ሊዘጓት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የጽንሱ ልብ ይጨነቃል። በሞያሌም ሆነ በአዲስ አበባ ለወገብና ለራስ ሕመም የሚገዙት ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከዚሁ ወገን ናቸው።

ሔለን በ1965 የአሜሪካ የልብ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በጡረታ ዘመናቸውም የአእዋፍን ልብ ያጠኑ ነበር። በሜይ 1986 በመኪና አደጋ ሲሞቱ 88 ዓመት ሊሞላቸው አራት ቀን ቀርቷቸው ነበር።