ሄንሪ ቲምከንና የመንኮራኩር ኩሽኔታ

ሄንሪ ቲምከን እ.ኤ.አ. በ1831 ዓ.ም. በጀርመን አገር በብሬመን አካባቢ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰድዶ በሚዙሪ ግዛት በእርሻ ሥራ ተሰማራ። ወጣቱ ግን ከእርሻው ይልቅ የእጅ ሙያን መርጦ በሴንት ሉዊስ ከተማ ከአንድ ሠረገላ ሠሪ ዘንድ ገብቶ ተማረ፤ በ1855 ዓ.ም. የራሱን የሠረገላ መሥሪያ ከፈተ። በ1877 ዓ.ም. ያስመዘገበው የሠረገላ ሞላ ለሀብትም ለዝናም አበቃው። ከአሥር ዓመት በኋላ ጡረታ ወጥቶ ሳን ዲዬጎ ቢቀመጥም፣ ዕረፍቱን አልወደደውምና ወደ ሥራው ተመለሰ።

በዚያ ዘመን የሠረገላ መንኮራኩር በቅባት በተለሰነ ተራ አክስል ላይ ተፋትጎ የሚዞር ነበር። ሮለርን በመጠቀም ፍትጊያውን ለመቀነስ የሞከሩ ብዙዎች ነበሩ። ይሁንና ቀጥ ያለው ሮለር ከላይ የሚጫነውን ክብደት ሲሸከም፣ ሠረገላው በሚታጠፍበት ጊዜ ከጎን የሚመጣውን ግፊት መቋቋም ይሳነው ነበር። ቲምከን ከእኅቱ ወይም ከወንድሙ ልጅ ከሬጂናልድ ሃይንዘልማን ጋር ሆኖ ሮለሩን ሾጣጣ አደረገው፤ በዚህም አንዱ ኩሽኔታ ሁለቱንም ጭነት ባንድነት እንዲሸከም፣ በመበላት የሚፈጠረውም ክፍተት በዳዶ እንዲስተካከል አስቻለ። የፈጠራው መብት በ1898 ዓ.ም. ሲሰጠው ዕድሜው ከስድሳ አምስት አልፎ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ከልጆቹ ጋር ኩባንያ አቋቋመ፤ ኩባንያውም ብዙ ሳይቆይ ወደ ኦሃዮ ግዛት ወደ ካንተን ከተማ ተዛወረ።

ይህን አሠራር የተረዳ ባለሙያ የፒካፕን የጎማ ብልሽት ለመለየት አይቸገርም። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚያጋድል፣ በዚህ ጊዜ እየጎላ የሚሄድ ጉምጉምታ አስቀድሞ የቀኙን ኩሽኔታ ያስጠረጥራል። ድምፁ ከአንዱ የመንገድ ዓይነት ወደ ሌላው ሲሻገሩ የሚለወጥ ከሆነ ግን ጎማው ራሱ መመርመር አለበት። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ በደጋፊ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ይላወስ እንደሆነ ይታያል። ረዳት ፍሬን በረገጠ ጊዜ መላወሱ ከጠፋ ጥፋቱ በአብዛኛው የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ወደ መሪው መገጣጠሚያዎች መሻገር ይገባል።

የተፈታው ኩሽኔታም የራሱን ታሪክ ይናገራል። መሰማየት የሙቀት ምልክት ነው፤ መንስኤውም የዳዶው ከልክ በላይ መጥበቅ ወይም የግራሶ ማነስ ሊሆን ይችላል። ዝገት ውኃ መግባቱን ያመለክታል፤ የፊቱ መላላጥ ደግሞ ድካምን ወይም ከአቅም በላይ ጭነትን። ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ኩሽኔታ ብቻ ቢገጠም ያው ብልሽት ይመለሳል፤ እስከ መጨረሻው ከተዘነጋም ጎማው በጉዞ ላይ ሊወልቅና የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ሾጣጣው ሮለርና የውጭ ቀለበቱ አብረው ስለሚበሉ አብረው መለወጥ አለባቸው።

ቲምከን በ1909 ዓ.ም. በሳን ዲዬጎ አረፈ። የሙያ ዕድሜውን የጀመረው በፈረስ በሚጎተት ሠረገላ ነበር፤ የመጨረሻ ሥራው ግን በሞተር ለሚሄደው ተሽከርካሪ ተረፈ።