ሳሙኤል ሪቻርድሰን፤ የፍቅር ታሪክን መንገድ የጠረገው አታሚ

የፍቅር ልብ ወለድ የሚያነብ ወጣት ሁሉ አንዳንድ ነገሮችን መጽሐፉን ሳይገልጥ ያውቃቸዋል። ድኻዪቱ ልጃገረድ ለባለጸጋው ትዳራለች፤ ባለጌው ጐልማሳ በፍቅር ኃይል ይታረማል፤ ወላጆች ልጃቸው የማትወደውን ሙሽራ ያመጣሉ፤ ዝቅተኛ መስላ የኖረችውም በመጨረሻው የትልቅ ሰው ልጅ ሆና ትገኛለች። እነዚህ መንገዶች ስንት ጊዜ እንደ ተረገጡ ቈጥሮ ለመጨረስ አይቻልም። ሆኖም የሚበዙትን በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ ያደላደለው፥ ኋላም የገዛ ሥራውን የተጠራጠረው፥ አንድ አጭር ወፍራም አታሚ መሆኑን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ይህ ሰው ሳሙኤል ሪቻርድሰን ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

ሪቻርድሰን በ1689 በእንግሊዝ አገር በደርቢሺር ተወለደ። አባቱ አናጢ ነበር። ልጁን ለቤተ ክህነት አገልግሎት ለማስተማር ቢመኝም ገንዘብ ስላልበቃው ሳሙኤል ላቲን እንኳ ሳያውቅ ቀረ። ነገር ግን ተረት መፍጠር ይችል ስለ ነበረ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ከበው ያስወሩት ነበር። ዕድሜው ከዐሥራ ሦስት ዓመት ሳይበልጥም ሦስት ልጃገረዶች በየግላቸው እየጠሩ ለወዳጆቻቸው የሚልኩትን ደብዳቤ ያጽፉት ጀመር። አንዷ የሌላዪቱን ምስጢር አታውቅም፤ ልጁም አልተናገረም። ልጅቱ በልቧ እየወደደች በወረቀቱ ላይ ግን ተግሣጽና ቊጣ እንዲጽፍላት የምታዝበት ጊዜ ነበረ። እኛ እንደሚመስለን ሪቻርድሰን ያላየው ዩኒቨርሲቲ ይህ ነው፤ ሰው በደብዳቤ የሚለውና በልቡ የሚያድረው ሁለት መሆኑን ጢም ሳያበቅል ተማረ።

በ1706 ሎንዶን ውስጥ ጆን ዋይልድ ከሚባል አታሚ ዘንድ ለሰባት ዓመት ሙያ ሊማር ገባ። ቀን ለጌታው እየሠራ ሌሊት ያነብ ነበር፤ የጌታውን ሻማ እንዳይጨርስበትም ሻማውን በገዛ ገንዘቡ ይገዛ ነበር። በ1721 የራሱን ማተሚያ ቤት ባቋቋመበት ጊዜ ገደማ የቀድሞ ጌታውን ልጅ ማርታን አገባ። ይህ በልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ኑሮ ግን እንደዚያ አይደለምና ከማርታ የወለዳቸው ስድስቱም ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ እርሷም በ1731 ሞተች። በ1733 ኤልሳቤጥ ሊክን አግብቶ ሌሎች ስድስት ልጆች ወለደ፤ ከዐሥራ ሁለቱ ልጆች ለዐቅመ ሔዋን የደረሱት አራት ሴቶች ብቻ ናቸው። በሥራው ግን ተሳካለት፤ የእንግሊዝ ፓርላማ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ጽሑፎች አታሚ እስከ መሆን ደረሰ።

ድርሰት የጀመረው ሃምሳ ዓመት ሲሆነው ነው። በ1739 ሁለት መጽሐፍ ሻጮች ብዙ ላልተማሩ ሰዎች የደብዳቤ አጻጻፍ የሚያሳይ መጽሐፍ እንዲያዘጋጅላቸው ለመኑት። ከናሙናዎቹ መካከል ጌታዋ ክብሯን ሊደፍር ስለሚሞክር ገረድ የሚናገር ነበረበት። ይህን ሲጽፍ ከብዙ ዓመት በፊት የሰማው የአንዲት ገረድ ታሪክ ትዝ አለው፤ የጀመረውንም ትቶ በሁለት ወር ውስጥ «ፓሜላ»ን ጻፈ። መጽሐፉ በኅዳር 1740 ታተመ። ፓሜላ የዐሥራ አምስት ዓመት ገረድ ናት፤ ጌታዋ ሚስተር ቢ ያባብላታል፥ ያስፈራራታል፥ ወስዶም ያስራታል፤ በመጨረሻ ግን ያገባታል።

ገረድ ጌታዋን አገባች የሚለው ተረት ከሪቻርድሰን በፊትም ነበረ። አዲሱ ነገር ልጅቱ ታሪኩን ራሷ በደብዳቤ መጻፏ ነው። ነገ የሚመጣውን አታውቅም፤ ብርዕዋን እንደ ያዘች የእግር ኮቴ ትሰማለች። አንባቢም መጨረሻውን ገምቶ እያለ ከእርሷ ጋር ይደነግጣል። ሚስተር ቢን የሚያራራውም ውበቷ ብቻ ሳይሆን የጻፈችውን ማንበቡ ነው። በዚህ በኩል የተለመደው መንገድ በሚገባ ይሠራል እንላለን።

መጽሐፉ ባንድ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ታተመ። በአንድ መንደር ለሕዝብ ሲነበብ ሰዎቹ ፓሜላ ማግባቷን በሰሙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ደወሉ ተብሎ ይነገራል። ሁሉ ግን አልተደሰተም። ሄንሪ ፊልዲንግ በ1741 «ሻሜላ» በሚል መሳለቂያ ልጅቱን ክብሯን በውድ ዋጋ የምትሸጥ አስመሳይ አድርጎ አቀረባት። ስድቡ ጨካኝ ቢሆንም ነጥቡ የሚናቅ አይደለም፤ ትናንት በሴት ገረድ ልብስ ተሸፋፍኖ ወደ መኝታዋ የሾለከ ሰው ዛሬ መልካም ባል ይሆናል ቢሉን ለማመን ይቸግረናል። ሪቻርድሰን ከሠርግ በኋላ ያለውን ኑሮ የሚናገር ተከታይ ክፍል በ1741 መጨረሻ ቢያወጣም አሰልቺ ሆነ። የፍቅር ታሪክ ጸሐፊዎች ከሠርጉ ድንኳን ወዲያ መሄድ የማይወዱበት ምክንያት ሳይኖራቸው አይቀርም።

ጣሊያናዊው ጎልዶኒ በ1750 «ፓሜላ»ን ለቴአትር ሲያዘጋጅ ሌላ ዘዴ ጨመረበት። በቬኒስ መኰንን ተራ ሴት ቢያገባ ልጆቹ ማዕርጋቸውን ያጡ ስለ ነበረ፥ የፓሜላን አባት ተደብቆ የሚኖር የስኮትላንድ መስፍን አደረገው። ጋብቻው ለተመልካች ተስማሚ ሆነ፤ ነገር ግን የታሪኩ ጥርስ ወለቀ። ባለጸጋው ድኻዪቱን ማግባቱ ቀርቶ አቻውን አገባ ማለት ነው።

ሪቻርድሰን ለፊልዲንግ ነቀፋ ጆሮ አልሰጠም ይባል እንጂ ቀጥሎ የጻፈው መጽሐፍ ሌላ ያሳያል። «ክላሪሳ» ከ1747 እስከ 1748 በሰባት ቅጽ፥ በሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ወጣ። ክላሪሳን ቤተ ዘመዶቿ ሀብታም ነገር ግን የምትጸየፈውን ሰው እንድታገባ ያስጨንቋታል፤ መልከ መልካሙ ላቭሌስ አታልሎ ያስኮበልላታል። አንባቢ ሁሉ መንገዱን ያውቀው ነበርና የላቭሌስን መታረም ይጠብቅ ጀመር። የታረመ ባለጌ ከሁሉ የተሻለ ባል ይሆናል የሚለውን አሳብ ሪቻርድሰን በመቅድሙ አደገኛ ብሎ ነቅፎት ነበር፤ ይህን ግን ማን ልብ ብሎ አነበበው!

ቅጾቹ ሳያልቁ መጨረሻው ክፉ መሆኑ ተወራ። ሌዲ ብራድሼይ የተባለች የላንካሺር ወይዘሮ ስሟን ደብቃ ሁለቱን እንዲያጋባቸው በደብዳቤ ለመነችው፥ ተቈጣችው፥ አለቀሰችበት። ሌሎችም እንዲሁ። አታሚው ገበያ የሚያውቅ ነጋዴ ነበረ፤ በሠርግ ቢጨርሰው እንደሚወደድለት አልጠፋውም። እሺ አላለም። ላቭሌስ መድኃኒት አጠጥቶ ክላሪሳን ይደፍራታል፤ ኋላ ተጸጽቶ ላግባሽ ሲላት አሻፈረኝ ትላለች፤ ትሞታለችም። እርሱንም ዘመዷ በጐራዴ ይገድለዋል። «ፓሜላ» ውስጥ ሠርግ ያመጣው ሁኔታ እዚህ ሞት አመጣ፤ ይህኛውንም ይበልጥ እናምነዋለን።

ከዚያ ወዲህ አንባቢዎቹ መልካም ወንድ ጻፍልን ስላሉት ከ1753 እስከ 1754 «ሰር ቻርልስ ግራንዲሰን»ን አወጣ። አንድ ፍጹም ሰው በሁለት ደጋግ ሴቶች መካከል ይቆማል። ጄን ኦስተን በጣም ትወደው ነበር። እኛ ግን እንከን የሌለው ወንድ ለጋብቻ እንጂ ለልብ ወለድ እንደማይመች እንፈራለን።

ሌዲ ብራድሼይና ሪቻርድሰን ብዙ ወራት በተላላኩት ደብዳቤ ተዋደው ነበር። ሴትዮዋ ማንነቷን ሳትገልጥ አይታ እንድትለየው መልኩን ጽፎ ላከላት፤ አጭርነቱን፥ ዊጉን፥ በትሩን ሳይደብቅ። በሴንት ጄምስ መናፈሻ ስንት ቀን ተመላለሰ። በ1750 ተገናኙ፤ ከነባሏም ወዳጆቹ ሆኑ።

ሪቻርድሰን በሐምሌ 1761 ሎንዶን ውስጥ ሞቶ በፍሊት ጎዳና በሴንት ብራይድ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። የሌዲ ብራድሼይ የ«ክላሪሳ» ቅጂ ዛሬ በአሜሪካ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በገጾቹ ዳር እርሷ ተቃውሞዋን ጽፋለች፤ ከጐኑም እርሱ መልሱን ጽፏል።