ትምህርት አልገባው ያለው የሐይቁ ተማሪ

ደቡብ ወሎ ውስጥ አርዲቦ የሚባል ሐይቅ አለ። ሲሞላ የሚተርፈው ውሃ ቁልቁል ወርዶ ሌላ ሐይቅ ይገባል፤ የዚያኛው ስም ራሱ «ሐይቅ» ነው። እዚያ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ ማለትም ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በአገሪቱ ስመ ጥር የትምህርት ቦታ ነበር። ዛሬ የምናስታውሰው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የተማረው እዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ ግን ምንም አልገባውም ነበር።

የተወለደው በ14ኛው መቶ ዘመን፣ እዚያው ወሎ ውስጥ ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን መጻሕፍት አዋቂ ካህን ስለነበር ከልጁ ብዙ ይጠበቅ ነበር። ገድሉ እንደሚተርከው ግን ልጁ ገዳም ገብቶ ሰባት ዓመት ሙሉ ትምህርት አልያዘም። መምህሩ ተስፋ ቆርጦ ወደ አባቱ መለሰው። አባቱ ደግሞ ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን አልቀበልም፣ ባይማርም ያገልግል ብሎ መልሶ ላከው። ጊዮርጊስም ለገዳሙ እህል እየፈጨ ቆየ።

ያኔ የሚማሩት በጆሮና በአፍ ነው። መምህሩ ያዜማል፣ ተማሪው ሰምቶ ይደግማል። ሰምቶ መያዝ ወይም መልሶ ማውጣት የከበደው ልጅ ወዲያው ሰነፍ ይባላል። የጊዮርጊስ ችግር ምን እንደነበር ዛሬ ማንም ሊመረምረው አይችልም። ገድሉ የሚለው ወፍጮው አጠገብ ሆኖ ወደ እመቤታችን እያለቀሰ ሲጸልይ ቆይቶ አእምሮው እንደተከፈተለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አርጋኖን፣ ሰዓታት፣ መጽሐፈ ምሥጢር የእሱ ናቸው። በቤተ መንግሥት አስተማረ፣ በሃይማኖት ክርክር ተሳተፈ፣ በሐሰት ተከሶም ታሰረ። ያረፈው ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ነው። ያኔ አባትየው ልጁን ቤት አስቀርቶት ቢሆን እነዚህ መጻሕፍት ባልኖሩ ነበር።

ይህን ያነሳነው ዛሬም አፉን ያልፈታ ወይም የሚንተባተብ ልጅ ሰነፍ፣ አንዳንዴም እርግማን ያለበት ስለሚባል ነው። ሌላው ደግሞ አባቱም ቆይቶ ነው የተናገረው ተብሎ ዝም ይባላል። አባ ጊዮርጊስ ሰባት ዓመት የጠበቀው ሌላ አማራጭ ስላልነበረ ነው። ዛሬ ግን አለ።

እነዚህን ካያችሁ አትጠብቁ፦

• 1 ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ድምፅ እያወጣ የማይጫወት
• በ18 ወሩ አንድም ቃል የሌለው
• በ2 ዓመቱ እንደ «እማ ነይ» ያሉ ሁለት ቃላት የማያገጣጥም
• በ3 ዓመቱ ንግግሩ ለቤተሰብ እንኳ የማይገባ
• በየትኛውም ዕድሜ፣ ይናገር የነበረውን ቃል የተወ

በቅድሚያ ጆሮው ይመርመር፤ ያልሰማውን ቃል ሊናገር አይችልም። ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ወደ ሆስፒታል ሪፈር እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። የንግግር ሕክምና በአብዛኛው መርፌም ኪኒንም አይደለም፤ ባለሙያው ከልጁ ጋር እየተጫወተ የሚሠራው ልምምድ ነው፣ ወላጅም ቤት ውስጥ ይቀጥለዋል። እንጥል ማስቆረጥ ግን ምላስ አይፈታም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል።

መንተባተብ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፣ አብዛኞቹም ልጆች ይተዋቸዋል። ወራት ካለፉትና ልጁ ለመናገር የሚታገል ከሆነ ግን ባለሙያ ይየው። እስከዚያው አታቻኩሉት፣ ቃሉን አትጨርሱለት፣ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ስሙት።

በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ይህን ጽሑፍ ለእናቱ ወይም ለአባቱ ላኩላቸው። ስልክ ከሌላቸው ደግሞ አንብቡላቸው።